ፀጉርሽ የት ደረሰ?

ይጁቤ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለፍቅርአዲስ፣ ጣሊያን አገር፣ ቶሪኖ

ፍቄ እህቴ፣ እንዴት ከረምሽ? የምትጦሪያት አሮጊትስ እንዴት ናት? ብርዱ እንዴት ይዞሻል? እመቤታችን በወጣሽበትም በገባሽበትም ጥላ ትሁንሽ። እኔ ከዶሮዬ፣ ከበርበሬዬና ከነጭ ሽንኩርቴ ጋር አለሁ። ስልኩ ከተቋረጠ ወዲህ ሰው ሁሉ ወደ ወረቀት ተመልሷል። ስድስተኛ ክፍል ካቆምኩ ይህን ያህል ጽፌ አላውቅምና ፊደሌን አይተሽ እንዳትስቂ። ደብዳቤውን እስከ ሉማሜ በሰው፣ ከሉማሜ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ላለችው ዘመዳችን ለፀደንያ አደርሰዋለሁ፤ እሷ ወዳንቺ የሚሄድ ሰው አታጣም።

ገበያ ላይ "የምትጽፊላት ምንሽ ናት?" ይሉኛል። እህቴ ናት እላለሁ። አያቴና አያቷ የአንድ እናት ልጆች ናቸው ስላቸው "ይህማ ዘመድነቱ አልቋል!" ብለው ይስቃሉ። ይሳቁ። ልጄ አማረ ባሕር ማዶ ልሻገር ብሎ ሲወጣ የማን ስልክ ቁጥር ይዞ ሄደ? ያንቺን አይደል?

ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ ራሴ ነው። ስለ ራስ ቅሌ ማለቴ ነው። በፍልሰታ ጾም አንድ ቀን ነጠላዬን ሳስተካክል ጣቴ ባዶ ቦታ ገባ። የብር ሳንቲም የምታህል፣ እንደ ሕፃን ተረከዝ የለሰለሰች። በሳምንቱ ሁለት ሆነች። አሁን ግማሹ ሄዷል። ሽንኩርት ሻጭ አይደለሁ? ቀጥቅጬ አሸሁበት፤ ቆዳዬን ላጠው እንጂ ፀጉር አላመጣም።

ደብረ ማርቆስ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሐኪሙ አማረን የሚያህል ልጅ ነው። "እናቴ፣ ላሽ ነው። ቆረቆር አይደለም፣ ወደ ሰው አይጋባም። የገዛ ሰውነትዎ ፀጉርዎን እንደ ባዕድ ቆጥሮ እያባረረው ነው" አለኝ። ከዚያ በጥጥ ነካ አድርጎ "ይሰማዎታል?" ሲለኝ "ይሰማኛል" አልኩት። አልዋሸሁም፣ ጥጡ ይሰማኛል። ሌላው ነው የማይሰማኝ። ይህን ግን አልጠየቀኝም። መርፌ ወጋኝ፤ ብዙም አልጠቀመኝ። "በብርሃን የሚታከምበት መሣሪያም አለ፣ እኛ ጋ ግን የለም" አለኝ።

ፍቄ፣ ነገሩ መልክ አይደለም። በዚህ ዕድሜዬ ማን ያየኛል? ባለፈው እሑድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ነጠላዬ ሸሸት ሲል የአበባው እናት አየችኝ። አበባው ያ ጎረቤቴ ነው፣ የእርሻ ድንበርተኛዬ። እናቱ ሰው ሁሉ እየሰማ "ምነው ማሬ! ልጅሽ ሳይሞት ተላጨሽለት?" አለች። በአገራችን ራሷ የተላጨ ሴት ሐዘንተኛ መሆኗን አልረሳሽውም። መርዶ ሳይነገራት የተላጨች እናት ደግሞ በልጇ ላይ ሟርት ጠራች ነው የሚባለው። አማረ ከመተማ ሰሊጥ አጨዳ ሱዳን፣ ከሱዳን ሊቢያ ከገባ ይኸው ዓመት ሆነው። አንድ ልጅ ነው ያለኝ። ይህ ፀጉር ካልበቀለ ሰው ልጄን በቁሙ ይቀብርብኛል።

ያቺ የብርሃን ሕክምና እናንተ አገር ካለች ጠይቂልኝ። አማረ ከደወለም የተናገረውን አንድ ሳታስቀሪ ጻፊልኝ።

ያንቺው ማሬ

&nbsp;

ቶሪኖ፣ ኅዳር 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእታለም ማሬ፣ ይጁቤ

እታለም፣ እግዚአብሔር ጤናሽን ይመልስልሽ። እኔ ደህና ነኝ። አሮጊቷም ደህና ናት፤ እኔን ባየች ቁጥር አዲስ ሠራተኛ የመጣች ይመስላታል።

በመጀመሪያ የምትፈልጊውን ልንገርሽ። አማረ መስከረም መጨረሻ ላይ ደውሎልኛል። ባሕሩ ዳር ነው ያለው፤ ተራ እየጠበቀ ነው። ድምፁ ጥሩ ነበር። "ለእማ ንገሪልኝ፣ እዚህ በርበሬ ብለው የሚሸጡት የተፈጨ ቲማቲም ነው፤ አንድ ኩንታል ይዛ ብትመጣ አገሩን ትገዛዋለች" ብሎ ሳቀ። እንደገና ከደወለ እጽፍልሻለሁ።

አሁን ወደ ራስሽ። በሳምንት ሁለት ቀን የቆዳ ሕክምና ቤት እንደማጸዳ ነግሬሻለሁ መሰለኝ። አንዷን ነርስ ጠየቅኳት። ሕመሙን እዚህም ያውቁታል። ትልልቁ መሣሪያ እንደ ቁም ሣጥን ነው፣ ሰው ገብቶ ይቆምበታል። ትንሽም አለ፤ እንደ ማበጠሪያ በእጅ ተይዞ ፀጉር በሌለበት ቦታ ላይ የሚበራ። እሱን ገዝቼ በፀደንያ በኩል ልኬልሻለሁ። ጥቁሩን መነጽር ሳታደርጊ እንዳታበሪው፤ ዓይን ይጎዳል። በግማሽ ደቂቃ ጀምሪ። ሰዓት ከሌለሽ እስከ ሠላሳ ቁጠሪ። በሳምንት ሦስት ቀን ነው። ፀጉር ቶሎ አይመጣም፤ ወራት ይፈልጋል፣ አንዳንዱ ላይም ጭራሽ አይመጣም። ሐኪምሽን ሳታሳዪ አትጀምሪ።

ለአማረ ያለሽን መልእክት በሚቀጥለው ጻፊልኝ፤ ሲደውል አነብለታለሁ። ለአበባውና ለእናቱ፣ ለመሪጌታ ዘመንፈስቅዱስ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ።

ፍቅርአዲስ

&nbsp;

ይጁቤ፣ ጥር 30 ቀን 2016 ዓ.ም.

ፍቄዬ፣ እጅሽ ይባረክ፤ የሰጠ እጅ አይጠር። መብራቱ በጥምቀት ማግስት ደረሰኝ። መነጽሩን አድርጌ ደጅ ብቅ ስል አበባው "ማሬ አውሮፕላን ልትነዳ ነው፣ ከብቶቻችሁን ሰብስቡ!" ብሎ መንደሩን ሰበሰበብኝ።

አሁን የሠራሁትን ልንገርሽና ተቆጪኝ። አንቺ በሳምንት ሦስት ቀን ብለሻል፤ አንብቤዋለሁ። ግን እኔ መድኃኒት የማውቀው በጠበል ነው። ጠበል ሰባት ቀን ነው። ሱባዔም ሰባት ቀን ነው። ሦስት ቀን ብሎ ነገር ምኑ ተያዘ? እየዘለልኩ ብጀምር የማፈርሰው መሰለኝ። እናም አፌን ሳላሟሽ፣ ማለዳ ማለዳ፣ ፊቴን ወደ ምሥራቅ አዙሬ ሰባት ቀን አከታትዬ ያዝኩት። በመጀመሪያው ቀን ሠላሳ ቆጠርኩ፤ በየቀኑም ሠላሳ ጨመርኩበት። በአምስተኛው ቀን ራሴ እንደ በሰለ በርበሬ ቀላ። ማቃጠሉ መሥራቱ ነው አልኩና ሱባዔዬን ጨረስኩ። በስምንተኛው ቀን ውኃ ቋጠረ።

ሐኪሙ ዘንድ ተመልሼ ሄድኩ፤ ሳታሳዪ አትጀምሪ ያልሽኝን ያኔ ነው ያስታወስኩት። ቅባት ሰጠኝና "እናቴ፣ ይህ እኮ የፀሐይ ቃጠሎ ነው፤ ማን እንዲህ ያድርጉ አለዎት?" ሲለኝ ማንን ልጥራ? መሪጌታ ግን ሲሰሙ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። "ማሬ፣ ስንት መናኝ አውቃለሁ፤ ፀሐይን ሱባዔ ያስገባች ግን አንቺን ብቻ አየሁ" አሉኝ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ጥርሴን አሳየሁ። ቃጠሎውስ ያማል? ያማል መሰለኝ። ሌሊት ትራሱ ላይ ሲጣበቅ አላቅቀዋለሁ፤ ደግሞ ይጣበቃል። ከዚህ ሌላ ምን ልበልሽ።

ለአማረ ያለኝ መልእክት ይህ ነው። ቲማቲሙን ይብላ፣ አይናቅ። ግራጫዋ በግ መንታ ወልዳለች፤ አንዱ የሱ ነው። ራሴን መታመሜን እንዳትነግሪው። መቼ እንደሚሻገር ከነገረሽ ቀኑን ጻፊልኝ፤ የዚያን ቀን እጾማለሁ።

ማሬ

&nbsp;

ቶሪኖ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእታለም ማሬ

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ቆይቷል። መልሱ ስለዘገየ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ አሮጊቷ ታማ ነበር።

እታለም፣ ይህ ብርሃን እንደ ጠበል አይደለም። ቆዳሽ ማረፊያ ቀን ይፈልጋል። ነርሷ ስነግራት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ቁስሉ ጨርሶ ሳይሽር እንዳትነኪው። ከዚያ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ብቻ። ከሃያ ጀምሪ። በሳምንት አምስት ቁጥር ጨምሪ፤ ቀላ ካለብሽ አትጨምሪ። ሽንኩርት አትቀቢ፣ ቅቤም አትቀቢ። መብራት ጠፍቶ ቀን ካለፈሽ በሚቀጥለው ቀን ላካክስ አትበዪ፤ ያለፈው አለፈ።

ነርሷ ሌላም ነገር ብላኛለች። ይህን ሕመም ድንጋጤ ያባብሰዋል፤ ገና የሚወጣውን ፀጉር መልሶ ሊያረግፈው ይችላል። ስለዚህ ራስሽን ጠብቂ። ሰው የሚያወራውን ሁሉ አትስሚ። መሪጌታን ስሚ።

በየደብዳቤሽ ስለ ፀጉርሽ ጻፊልኝ። ከቻልሽ በጣትሽ ለክተሽ ንገሪኝ። ፀጉርሽ የት እንደ ደረሰ ማወቅ እፈልጋለሁ።

ለአበባው፣ ለእናቱና ለመሪጌታ ሰላምታዬ ይድረስ። ነጠላ ልኬልሻለሁ፤ በፀደንያ በኩል ይደርስሻል።

ፍቅርአዲስ

&nbsp;

ይጁቤ፣ ሰኔ 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ፍቄ እህቴ፣ አምላክ ደግ ደጉን ያሰማሽ። አሮጊቷን ምሕረት ያውርድላት። ነጠላው ደርሶኛል። ጥለቱ ጥቁር ነው። ያምራል።

የጠየቅሽውን ልንገርሽ። በቅሏል። በግንቦት ልደታ ሰሞን እጄን ሳሳልፍ አንድ ነገር ሸካከረኝ። መስታወት ይዤ ደጅ ወጣሁ። ለጋ ፀጉር ናት፣ ከጫጩት ላባ የማትበልጥ። አሁን የጥፍሬን ያህል ሆናለች። ግን ነጭ ናት፤ አንድ ጥቁር የላትም። ሐኪሙ "መጀመሪያ ነጭ ሆኖ ይመጣል፤ ሲቆይ ሊጠቁር ይችላል" አለኝ። ረቡዕና ዓርብ ጾም ስለሆኑ መብራቱን አልረሳም፤ ሰኞ ናት የምታመልጠኝ። አሁን እስከ ሃምሳ እቆጥራለሁ። ስቆጥር ደስ ይለኛል ልልሽ አልችልም፤ ብቻ ስቆጥር ሌላ ነገር አላስብም።

አገሩ ደግሞ ምን እንደነካው አላውቅም፣ ደግ ሆኖልኛል። አበባው ሳልለምነው መሬቴን ሁለት ጊዜ አረሰልኝ። ድሮ ድንበሬን በአንድ ስንዝር ገፋሽ ብሎ ሽማግሌ የሚሰበስብ ሰው እኮ ነው! "ምን ነካህ?" ብለው "በሬው ሥራ ፈትቶ ነው" አለኝ። ዓይኔን ግን አላየም። ገበያ ላይ በበርበሬዬ ዋጋ የሚከራከረኝ ጠፋ፤ የጠራሁትን ከፍሎ ይሄዳል። የአበባው እናት፣ ያቺ በቤተ ክርስቲያን በር የዘለፈችኝ፣ በየሳምንቱ እየመጣች ነጠላዬን ገለጥ አድርጋ ታያለች። "የት ደረሰልሽ?" ትለኛለች። መሪጌታም ከቅዳሴ መልስ "የት ደረሰ ማሬ?" ይላሉ። እነሱም እንዳንቺ ናቸው።

ከፋሲካ ወዲህ የትሕትና ሠርግ ነበር፤ የአበባው የወንድም ልጅ ናት። ሙሽራዋን ልስም ድንኳን ስገባ ዘፈኑ ቀጥ አለ። ከበሮ መቺዋ እጇን ከበሮው ላይ እንዳሳረፈች ቀረች። ሳምኳትና ወጣሁ። ቤቴ ሳልደርስ ምግቡን በሰፌድ አስይዘው ከኋላዬ ላኩልኝ። በላሁ። ጨው አንሶት ነበር።

ፍቄ፣ ባለፈው ደብዳቤሽ የሁሉም ስም አለ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የአንድ ሰው ስም ግን የለም። እኔም አልጠይቅሽም። ፀጉሬን ነው የጠየቅሽኝ፣ እሱን ነገርኩሽ።

ማሬ

&nbsp;

ቶሪኖ፣ ሐምሌ 29 ቀን 2016 ዓ.ም.

እታለም፣

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጽፌ ቀደድኩት።

በመብቀሉ እግዚአብሔር ይመስገን። ነጭም ቢሆን ፀጉር ነው። ቁጥሩን ከመቶ እንዳታሳልፊ። ክረምት ነውና እጅሽ እርጥብ ሆኖ ገመዱን አትንኪ።

በደብዳቤ የማይጻፍ ነገር አለ። አንቺም እኔም ያደግነው በአንድ አገር ነው፤ ታውቂዋለሽ። ከመሪጌታ አትራቂ።

ሌላ የምጽፈው የለኝም። አሮጊቷ ሞታለች። እስካሁን ልብሷን እያጠብኩ ነው።

ፍቅርአዲስ

&nbsp;

ይጁቤ፣ ጥቅምት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለፍቅርአዲስ

እግዚአብሔር ያጽናሽ። የምትጦሪያት ሴት ነፍሷን ይማር። ያጠብሽውን ልብስ ለማን ሰጠሽው?

ደብዳቤሽ መስከረም አጋማሽ ላይ ደረሰኝ። አነበብኩትና አጣጥፌ ከመብራቱ ጋር ካርቶኑ ውስጥ አስቀመጥኩት። ከዚያም ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ ሥራዬን ቀጠልኩ። በአንድ ጊዜ መቶ እቆጥር ነበር። ፀጉሬ ጣቴን አክሎ ነበር፤ ፊት ለፊቱ ነጭ፣ ጆሮዬ ጋ ጥቁር፣ መሐሉ ዝንጉርጉር። ለመጎንጎን ይያዝ ነበር። መስታወት ፊት ቆሜ፣ በቃ ደርሷል አልኩ።

ጥቅምት 3 ቀን፣ እሑድ፣ ከቅዳሴ ስንወጣ መሪጌታን ጠበቅኳቸው። ነጠላዬን ወደ ትከሻዬ አወረድኩት። ደጀ ሰላም ላይ ሴት ራሷን መግለጥ ነውር መሆኑን አጥቼው አይደለም።

"መሪጌታ፣ ፀጉሬ ደርሷል" አልኳቸው። "ንገሩኝ።"

ቀና ብለው አዩት። መቋሚያቸውን ካንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። "እስከ ሚካኤል እንቆይ፤ ዘጠኝ ቀን ነው" አሉ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው የቆያችሁት?"

"ከየካቲት።"

"ስምንት ወር ማለት ነዋ።"

"ማሬ ልጄ፣ ምን ትላጭ ብለን ነው" አሉኝ። "ፍቅርአዲስ በፀደንያ በኩል ቃሉን ስትልክ ራስሽ ቁስል ነበር። በዚያ ላይ መርዶ ቢነገርሽ ሰዉ ቀድማ ተላጨችለት ብሎ ጥፋቱን ባንቺ ላይ ያደርግ ነበር። እዚያችው የአበባው እናት ቤት ተቀምጠን ተማከርን። 'ይድረስላት' ያለችው እሷ ናት።"

"ነገ ጠዋት ኑ። በሩን አልዘጋውም" አልኳቸውና ወደ ቤቴ ሄድኩ።

መቼም መርዶ ሲመጣ ሰው ተኝቶ ነው የሚያገኙት። እኔ ግን ቤቴን ጠርጌ፣ መደቡ ላይ አጎዛ አንጥፌ፣ ፀጉሬን አበጥሬ ነው የጠበቅኳቸው። ጎህ ሲቀድ መጡ። መሪጌታ ከፊት፣ አበባውና ሌሎች ሽማግሌዎች ከኋላቸው፣ ሴቶቹ በመጨረሻ። በሩ ክፍት፣ እኔ ተቀምጬ ሲያገኙኝ የሚገቡበት ጠፋቸው። አበባው "ደህና አደርሽ?" ብሎ ጀመረና ምላሱን ነከሰ። "ደህና አደርኩ፣ ግባ፣ ብርድ ነው" አልኩት።

ነገሩኝ። በታኅሣሥ ጀልባዋ ተገልብጣለች። ከሱ ጋር የነበረ የአማኑኤል ከተማ ልጅ ተርፎ ነው ላንቺ የደወለው። አንቺም በየካቲት ለመሪጌታ ላክሽ። ሬሳ የለም። ጋቢውንና ፎቶውን መደብ ላይ አድርገን ነው ያለቀስንለት።

ያለቀሱለት እነሱ ናቸው። እኔ ምን እንደሆንኩ ልንገርሽ፣ ላንቺ አልደብቅም። የአበባው እናት መቀሱን ይዛ ከኋላዬ ተንበረከከች። "አፌ ይቆረጥ ማሬ፣ አፌ ይቆረጥ፣ ያን ቀን በቤተ ክርስቲያን በር" እያለች እንባዋ አንገቴ ላይ ይወርዳል። "ይልቅ መቀሱን እዪ፣ ጆሮዬን ትቆርጪዋለሽ" አልኳት። በመቀስ ከረከመችኝና በምላጭ ጨረሰችው። ሐኪሙ በጥጥ ነካ አድርጎ ይሰማዎታል ወይ ያለኝ ትዝ አለኝ። ምላጩ ይሰማኝ ነበር። ብረቱ ቀዝቃዛ ነው። ሳላውቀው መቁጠር ጀምሬ ነበር፣ ያው መብራቱ ያስለመደኝ ቆጠራ። ሴቶቹ ሲጮሁ እኔ ሃያ ላይ ነኝ። ደረታቸውን ሲመቱ ስድሳ። ሁለት መቶ አሥር ላይ "ጨረስኩ" አለችኝ። ፀጉሩን በዚያች ባለጥቁር ጥለት ነጠላሽ ጫፍ ቋጠርነውና ከጋቢው ጋር አስቀመጥኩት።

ያን ነጠላ ስትልኪ ታውቂ እንደነበር ገብቶኛል። ልወቅስሽ አይደለም የምጽፈው። የጻፍሽው ውሸት የለውም፤ ያልጻፍሽውን እኔም አልጠየቅኩሽም። መርዶ በደብዳቤ አይነገርም። አንቺም ደንቡን አልጣስሽም፣ እኔም አላስጣስኩሽም። ስምንት ወር ብቻሽን ይዘሽው መዋልሽን ሳስብ አዝንልሻለሁ፤ ማለቴ፣ ማዘን እንዳለብኝ አውቃለሁ።

አንድ ነገር ግን እወቂልኝ። ጥቅምት ሲሆን ለልጄ የማወርድለት ፀጉር ነበረኝ። ባዶ ራስ ይዤ እንደ ዘመድ የለሽ አልተቀመጥኩም። ይህን ያደረግሽልኝ አንቺ ነሽ። አሁን ገበያ ላይ "የምትጽፊላት ምንሽ ናት?" የሚለኝ የለም።

በሣልስቱ ሰዉ ተበተነ። አበባው የአማረን በግ ልሽጥልሽ ወይ ብሎኝ ነበር፤ ይቆይ አልኩት። አሁን ነርሷን አንድ ነገር ጠይቂልኝ። ምላጭ ካረፈበት በኋላ ስንት ቀን መቆየት አለበት? እኔ ሁለት ሳምንት ጠበቅሁ። ቆዳው ድኗል። ከሃያ ነው የምጀምረው ወይስ ካቆምኩበት? መልስሽ እስኪመጣ ከሃያ እጀምራለሁ። የሚበቅለው ለምን እንደሆነ አላውቅም። ብቻ መሣሪያው እጄ ላይ ነው፣ ቀኑም ተለምዷል።

ዛሬ ረቡዕ ነው፤ መብራትም አልጠፋም። መነጽሩን ላድርግ።

ማሬ